ጣራው የማይታየው ቤት

እናቴ በሞተችበት ሰሞን አፌ ላይ የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሺ። ብዪ ሲሉኝ እሺ፣ ተኚ ሲሉኝ እሺ፣ ይህን ነጠላ ደርቢ ሲሉኝ እሺ። ለቅሶ የመጡ ሴቶች እርስ በርሳቸው «ጠንካራ ልጅ ናት» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ ድድ ጠንካራ ከተባለ እኔም ጠንካራ ነበርኩ። እንባ አልወጣኝም። ሆድ አልባሰኝም። ድንኳኑ ሲፈርስ ቆሜ አየሁ፣ የተከራየነው ወንበር ጋሪ ላይ ሲጫን ቆሜ አየሁ፣ ከዚያ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ዲላ ተመለስኩ።

ዲላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ጥገና ይባል እንጂ አብዛኛው ሥራዬ አጥፍቶ ማብራት ነው። ሲጠሩኝ እሄዳለሁ፣ አጠፋለሁ፣ አበራለሁ፣ ያመሰግኑኛል። እንዲህ ያለ ሥራ ለደነዘዘ ሰው ጥሩ ነው። ችግሩ ቅዳሜና እሁድ የሚጠራኝ አለመኖሩ ነበር። በተከራየኋት ክፍል ውስጥ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ኮርኒሱ ላይ ዝናብ የሠራውን እድፍ አያለሁ። እድፍ አይተው ደመና ይመስላል፣ ፊት ይመስላል የሚሉ ሰዎች አሉ። የእኔ እድፍ እድፍ ነበር።

አንድ እሁድ አጎቴ ከትውልድ መንደሬ ከሬኮ ደወለ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ ፍስሐ ገነት ከተማ ሲያስተምር ከእናቴ ጋር የሠሩት ቤት ከአጎቴ ጓሮ ብዙም አይርቅም፤ አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ እዚያ ብቻዋን ትኖር ነበር። አጎቴ ስለ ቤቱ አንድ ነገር ጠየቀኝ። መስመሩ ይቆራረጣል፣ እሱ ያለበት ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ የእኔም ልብ ከእኔ ጋር አልነበረም። እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምን ነበር የጠየቀኝ ብዬ ራሴን ብጠይቅ መልስ አጣሁ። መልሼም አልደወልኩም። ከዚያ በኋላ ሲደውል ደግሞ አላነሳሁም።

የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ቤተሰቧ ከመሀል አገር መጥቶ ዲላ ከከተመ ብዙ ዘመኑ ነው፤ አባቷ ዋናው መንገድ ላይ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። እሷ የተማረችውን ሶፍትዌር ትታ የአባቷን ሱቅ ትጠብቃለች ብሎ ሰው ያማታል፤ ከሁላችንም የበለጠ የምትሠራው ግን እሷ ናት። ሳታንኳኳ ገባች፣ መጋረጃውን ገለጠች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ያዘች።

«ወላሂ፣ እዚህ ተኝተሽ ልትሻግቺ ነው» አለችኝ። «ተነሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቃችን በላይ ያለችው ክፍል እንሰበሰባለን። ካርታ እንሠራለን።»

«የምን ካርታ?»

«ኦፕን ሶርስ ነዋ። ማንም ገብቶ ይሠራል፣ ማንም ይጠቀምበታል። ፍሪ ነው። ክፍያ የለውም፣ ሻይ ግን አለ።»

«እኔ ካርታ መሥራት አልችልም።»

«ማውዝ መያዝ ትችያለሽ አይደል? በቃ።»

እሺ አልኳት። ያው የለመድኩት መልስ ነው። በበጎ ፈቃድ ሥራ የጀመርኩት እንዲህ ነው፤ ፈቃዱም በጎነቱም ሳይኖረኝ።

ክፍሏ ጎማና ግሪስ ትሸታለች። ግድግዳውን ተደግፎ እስከ ጣራ የተቆለለ የፍሬን ሸራ ካርቶን አለ፤ ካርቶኖቹ መሀል አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያመጧቸው ላፕቶፖች። ጓደኛዬ አካውንት ከፈተችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ሥራው ይህ ነው፤ ከሰማይ የተነሳ የሳተላይት ፎቶ ይሰጥሻል፣ ፎቶው ላይ የሚታየውን ጣራ በማውዝ ዙሪያውን ታሰምሪዋለሽ፣ ቤት ነው ትያለሽ፣ ታስቀምጫለሽ። መንገድ ካየሽ መንገዱን ተከትለሽ ታሰምሪያለሽ። ጎርፍ ሲመጣ ወይም በሽታ ሲገባ የእርዳታ ሠራተኞች ሰው የት የት እንዳለ የሚያውቁት ከዚህ ካርታ ነው አለችኝ። የሠራሽውን የማታውቂው ሰው ከሌላ አገር ሆኖ ያርመዋል። ያልወደደውን ያፈርሰዋል። አንቺም የእሱን ማፍረስ ትችያለሽ።

«አይጣሉም?» አልኳት።

«ይጣላሉ እንጂ። ግን በጨዋ ደንብ ነው። መጀመሪያ አመሰግናለሁ ይሉሻል።»

የመጀመሪያው ቀን የሰጡኝ ቦታ ስሙን እንኳ በቅጡ የማልይዘው፣ ባሕር ማዶ ያለ የወንዝ ዳር መንደር ነበር። ጣራ መስሎኝ ጥቁሩን ነገር አሰመርኩ።

«ጥላውን አይደለም! ጣራውን ነው!» ጓደኛዬ ጮኸች። «ያ እኮ የቤቱ ጥላ ነው። አንቺ ዛሬ ያሰመርሽው በሙሉ ጥላ ነው።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፣ አላፈርኩምም። ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። ወደ ማታ ሳልጠብቀው አንድ መልእክት መጣልኝ፤ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ጥሩ ጅምር ነው፣ የቤቶቹን ማዕዘን ቀጥ ብታደርጊያቸው የበለጠ ይሻላል ይላል። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። የጻፈው ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ የት አገር ይሁን አላውቅም። እኔ በልቤ አራሚው አልኩት፤ ዛሬም አራሚው ነው የምለው።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄድኩ። ከዚያ በኋላም። ስለወደድኩት አልነበረም፤ የማይወደድም የማይጠላም ነገር ስለነበር ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ እንዴት ነሽ የሚለኝ የለም። የማላውቃቸው ሰዎች ጣራ አንድ በአንድ ያልፋል። ከጣራው ሥር ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደተጋባ የሚነግረኝ የለም። እጄ ይሠራል፣ እኔ አርፋለሁ። ጓደኛዬ አንዳንዴ ብስኩት ወደ እኔ ገፋ ታደርጋለች። እኔም እበላለሁ።

የቡና ለቀማው ሲጀምር ጓደኛዬ አንድ ቅዳሜ እያጨበጨበች ገባች። የእኛ የጌዴኦ ዞን ተራ ደርሷል፤ ኮቸሬ ወረዳ በትናንሽ አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ ለሠሪ ቀርቧል። ሁሉም የሚያውቀውን ቦታ ለመያዝ ተሻማ። እኔ የሬኮን ያዝኩ። ማንም አልተሻማኝም።

ፎቶው ሲከፈት የቡና ማጠቢያ ጣቢያውን ወዲያው አወቅኩት፤ ቡና የሚደርቅባቸው አልጋዎች ከላይ ሲታዩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረዋል። መንገዱም ቀይ ሆኖ ይታያል። ከመንገዱ በላይ ያለው ተራራ ግን አንድ ወጥ አረንጓዴ ነው። አንድ ቤት የለበትም። ከእኔ በፊት የሠራ ሰው ተራራውን በሙሉ በአንድ መስመር ከቦ «ጫካ» ብሎ አስቀምጦታል።

እዚያ የማይኖር ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። ጌዴኦ ቤት ሲሠራ ዛፍ አይመነጥርም። ቤቱ በእንሰት ተከቦ፣ እንሰቱ ከቡናው ተጎራብቶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርብራውና ዋንዛው ተጋጥሞ ይቆማል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንኳ ከቅጠሉ መሀል የሚወጣ ጭስ ካላየ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ካልሰማ፣ እዚያ ሰው መኖሩን አያውቅም። ተራራው ላይ ግን ሰው ጓሮ ለጓሮ ተጠጋግቶ ነው የሚኖረው። ከሰማይ የሚያይ ካሜራ ጭስም ለቅሶም አያገኝም።

የመንገዱን ጥምዝና ወንዙን አመሳክሬ የእናቴን ቤት ቦታ አገኘሁት። ዛፍ ነው የሚታየው። ዛፉ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ሣልኩና «ቤት» አልኩት።

ያን ጊዜ የሆነ ነገር ተሰማኝ። ደስታ ነው አልልም፣ ሐዘንም አልነበረም። ተኝቶ የደነዘዘ እግር መልሶ ሲነቃ የሚወረው ዓይነት ነገር ነው። እናቴ ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር፤ ካሜራ ሲወጣ ፊቷን በነጠላዋ ትጋርዳለች። ድምፅዋንም የቀዳሁት የለም። እዚህ ምድር ላይ ኖራ እንደነበር የሚያሳይ የቀረኝ ነገር ያ ቤት ነው፤ እሱም ጫካ ተብሏል። ስለዚህ ቤቱ ካርታው ላይ እንዲኖር ፈለግሁ። ከሞተች ወዲህ የፈለግሁት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስከፍተው ቤቱ የለም። ተነስቷል። አራሚው መልእክት ትቶልኛል፤

«ሰላም። ስለ ሥራሽ አመሰግናለሁ። ያስገባሽው ቤት ፎቶው ላይ አይታይም፤ የሚታየው ዛፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አንስቼዋለሁ። በቦታው ተገኝተሽ ያየሽው ከሆነ ንገሪኝ፣ እመልሰዋለሁ።»

ፊቴ ጋለ። እናቴን ቀብሬ ያልተናደድኩ ሴት፣ ለማላውቀው ሰው ጥርሴን ነክሼ መልስ ጻፍኩ። «የተወለድኩት እዚያ ቤት ውስጥ ነው» አልኩት።

ሻይ ሳይቀርብ መልሱ መጣ። «በጣም ደስ ይላል። መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

ላፕቶፑን ከድኜ ደረጃውን ወረድኩ። ጓደኛዬ ሱቁ በር ላይ ደረሰችብኝ።

«ምን አጠፋ ሰውዬው?» አለችኝ። «ሕጉ ነው እኮ። መሬት ላይ ያለ ነገር ነው የሚገባው። ከትዝታ አይገባም።»

«ቤቱ አለ።»

«አለ። እንሂድና እናየዋለን፣ አይተን እንመልሰዋለን። ስልክ ይዘን መንገዱን በእግራችን እንሄዳለን፣ ጂፒኤሱ ይቀዳዋል። ማንም አያነሳውም።»

«አልሄድም» አልኳት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከእሺ ሌላ ቃል ወጣኝ። እሷም ገርሟት ወደ ሱቁ ተመለሰች። ሳምንቱን በሙሉ ኮምፒውተር ሳጠፋና ሳበራ ያ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም። መጨረሻ ያየሁት ድንኳኑ የፈረሰ ቀን ነው። ያኔም ቢሆን አላየሁትም፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር የቆምኩት። አርብ ለጓደኛዬ ደወልኩና «ነገ» አልኳት።

በጠዋት ዲላ ሚኒባስ ያዝን፣ ይርጋጨፌ ላይ ቀየርን፣ ከፍስሐ ገነት በኋላ ሞተር ተሳፈርን። እሸት ቡና የጫኑ መኪናዎች መንገዱን ሞልተውታል። ማጠቢያ ጣቢያው ጋ ስንደርስ የቡናው ገለባ የሚሸተው ኮምጣጣ ሽታ ተቀበለን። እናቴ በዚህ ወቅት ልብሷ ሁሉ ይህን ይሸት ነበር። አየሩን ሳብኩትና የሚሰማኝን ጠበቅሁ። ምንም የለም።

ጓደኛዬ ስልኬን ተቀብላ መቅጃውን ከፈተችልኝ። «በእጅሽ ያዢው፤ ኪስሽ ውስጥ ከከተትሽው ይሳሳታል። የመንገዱን መሀል ይዘሽ ቀስ ብለሽ ሂጂ። ቤት ጋ ስትደርሺ ቆም በይና ምልክት አድርጊ።» እንዳለችኝ አደረግሁ። ስልክ ወደ ፊት ዘርግተው፣ ግራ ቀኝ እያዩ፣ በየአጥሩ ጥግ ቆም እያሉ የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ሆንን። ቡና የሚለቅሙ ሰዎች ቀና ብለው አዩን። ሰላም አልናቸው፤ ሰላም አሉን፤ ከኋላችን ግን በጌዴኦ ቋንቋ ወሬው ከጓሮ ወደ ጓሮ ተሻገረ። እኔ ቋንቋውን እሰማለሁ፤ ያን ቀን ግን ልብ ብዬ አላዳመጥኩም።

አጎቴ መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ገጀራው በእጁ ነው፤ ከቡናው መሀል መጥቶ ነው እንጂ ለእኛ ያመጣው አይደለም። ከኋላው ጎረቤቶች ቆመዋል። አልሳመኝም። አጎቴ አማርኛን ያወቀው ትልቅ ከሆነ በኋላ ስለሆነ፣ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው።

«ልትለካ መጣህ?» አለኝ።

አልገባኝም ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። እዚያ አገር መሣሪያ በእጁ ይዞ ድንበር ለድንበር ቀስ እያለ የሚሄድ ሰው የመሬት ለኪ ነው። ወላጅ በሞተ ማግስት እንዲህ ዓይነት ሰው ይዞ የሚመጣ ዘመድ ደግሞ ለምን እንደመጣ ማንም ያውቃል።

«መሬቱ የአባቴ ነው» አለ አጎቴ። «እናትህ እዚህ ሲኖር አንድ ቀን ክፉ ተናግሬ አላውቅም። አንተ ስልክ አታነሳም። ዝም ብለህ ቆየህና አሁን ሰው ይዘህ ልትለካ መጣህ?»

«አባባ፣ እኛ ምንም አንለካም» አለች ጓደኛዬ ፈገግ ብላ። «ካርታ ነው። በነፃ ነው የምንሠራው።»

«በነፃ መሬት የሚለካ ሰው አይቼ አላውቅም» አላት።

ስልኩን ሰጠሁት። ካርታው ተከፍቷል፣ ተራራው አረንጓዴ ሆኖ ተንጣሎበታል። አጎቴ ከዓይኑ አርቆ ያዘው።

«የት ነው ይሄ?»

«እዚሁ ነው። ይሄ መንገዱ፣ ይሄ ማጠቢያው። ይሄ ደግሞ እኛ ያለንበት።»

«የታለ ቤት?»

«የለም።»

«የታለ ሰው?»

«ጫካ ነው ብለው ጽፈውታል።»

ስልኩን ለጎረቤቶቹ አቀበለ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። አንድ ሽማግሌ «ማነው ያለው?» ብለው ጠየቁ።

«ሩቅ ያለ ሰው። ከሰማይ ሲታይ ዛፍ ብቻ ነው የሚመስለው።»

«ከሰማይ ለምን ያያል? መጥቶ አያይም?» አለ አጎቴ። ገጀራውን ብብቱ ሥር አደረገና «ና» አለኝ። «ና፣ ሰው አሳይሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ከእጃችን ወጣ። አጎቴ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ጎረቤቶቹ በዙሪያችን። በየእንሰቱ መሀል እየገባን በየደጁ ቆምን። እያንዳንዱ ቤት ጋ አጎቴ «ይሄንንም ጻፍ» ይለኛል፤ ምልክት አደርጋለሁ። አንድ ሰውዬ አዲስ የሠራው ሽንት ቤት ካርታው ላይ ካልገባ አልለቃችሁም ብሎ አስመዘገበን። አንዲት እናት ደግሞ ደጃቸው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ይሄ ነገር ኋላ ግብር ያመጣል፣ የእኔ ቤት ጫካ ይሁንልኝ አሉ። ጓደኛዬ «እሺ እማማ፣ አይገባም» አለቻቸው፤ እውነትም አላስገባነውም። የአጎቴ ልጅ አዲስ ቤት ሠርቷል። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ጣራው ግን አሮጌ ቆርቆሮ ነው። አዲስ ቤት በአሮጌ ጣራ አልኩ በልቤ፣ ምልክቱን አድርጌ አለፍኩ።

ቆይቼ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ወደ እናቴ ቤት የሚገባውን የእግር መንገድ ሁለት ጊዜ አልፈነዋል። ሁለቱንም ጊዜ አጎቴ እርምጃውን ፈጠን አድርጎ ስለ ሌላ ነገር አወራኝ።

«አሁን እናቴ ጋ እንሂድ» አልኩት።

አጎቴ መሬት መሬት አየ። ሚስቱ ከኋላ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «መጀመሪያ ቤት ግቡ። ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆድ ናችሁ፤ ቆጮ አለ፣ ጎመን አለ» አለች።

«እመለሳለሁ» አልኳትና ከፊት ሆኜ ገባሁ።

ያ መንገድ የእናቴ መንገድ ነው። ከዋናው መንገድ ጥምዝ ይነሳል፣ ቁልቁል ትንሽ ይወርዳል፣ ከዚያ በቡናው መሀል ይሄዳል። ክረምት ሲሆን ቁልቁለቱ ስለሚያንሸራትት ከወንዝ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየተሸከመች አምጥታ እንደ ደረጃ ደርድራዋለች። አባቴ ይህን መንገድ ለማን ትሠሪዋለሽ እያለ ይቀልድባት ነበር። ልጄ ስትመጣ ጫማዋ እንዳይበላሽ ትለው ነበር። ድንጋዮቹ ሁሉም አሉ። ስልኩን ዘርግቼ መሀል መሀሉን ሄድኩ። ስልኩ መስመሩን ከኋላዬ ይስላል።

ከዋንዛው ሥር ስደርስ መንገዱ አለቀ። ቤት የለም። ቤቱ የነበረበት ቦታ ተቆፍሮ ለስልሷል፤ የእንሰት ችግኝ በመስመር ተተክሎበታል። የበሩ መቃን የቆመበት ድንጋይ ብቻ ቀርቷል። ቀና ብዬ አየሁ። ዋንዛው ከላይ እንደ ድሮው ተጋጥሟል፤ ከሰማይ ለሚያይ ሰው የተለወጠ ነገር የለም።

አጎቴ ከኋላዬ ደርሶ ቆመ።

«ጠየቅኩህ እኮ» አለ። «ባዶ ቤት ምስጥ ይበላዋል። ሳይበላው እንጨቱንና ቆርቆሮውን ላንሳ፣ ልጄ ቤት ይሥራበት አልኩህ። እሺ አልከኝ። ከዚያም ልንገርህ ብዬ ደወልኩ፣ አታነሳም።»

«አዎ» አልኩት። «እሺ ብያለሁ።»

አልዋሸም። የጠየቀኝን አሁን ሰማሁት፤ በዚያ እሁድ፣ በዚያ በሚቆራረጥ መስመር የጠየቀኝን። ያኔ ዝናቡ ይወርድበት የነበረው ቆርቆሮ የራሱ ነበር፤ በልጁ አዲስ ቤት ላይ ያየሁት አሮጌ ጣራ ደግሞ የእናቴ። ትንሽ ቀደም ብዬ በገዛ እጄ ካርታ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አራሚው ያነሳው ቤት እውነትም አልነበረም። ሳሰምረውም ላይኖር ይችላል።

ልጮህ ይገባኝ ነበር መሰለኝ። ጓደኛዬ ያንን ጠብቃ ቀረብ ብላ ቆመች። እኔ ግን እንሰቶቹን እያየሁ በደንብ ይዘዋል አልኩ። የአጎቴ ሚስት ራሷ እንደተከለቻቸውና የእናቴ ጓሮ አፈር ጥሩ እንደሆነ ነገረችኝ። ጓደኛዬ ስልኩን ከእጄ ቀስ አድርጋ ወሰደችና «መንገዱን ላጥፋው?» አለችኝ።

«ለምን ታጠፊዋለሽ? መሬት ላይ አለ አይደል?» አልኳት።

ቆጮውን በልተን ተመለስን። አጎቴ ሞተሩ እስኪነሳ ቆሞ ሸኘን። ሲሰናበተኝ ሳመኝ፤ እኔም ሳምኩት። ለመሬቱ እንዳልመጣሁ አምኗል። ለምን እንደመጣሁ ግን አልነገርኩትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የቀዳነውን አስገባን። «ጫካ» የሚለውን ተማሪዎቹ ተጋግዘው አስተካከሉት፤ ቡናና እንሰት፣ መሀሉ ላይ ሰው። ቤቶቹ አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ ክፍሉ ውስጥ ጭብጨባ ሆነ። ሽንት ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሳቅ። የእናቴን ቤት አላስገባሁም። የእግር መንገዱን ግን ከጥምዙ እስከ ዋንዛው አስገባሁት።

አራሚው ሁሉንም ተቀበለ። እዚያ ይህን ያህል ሰው ይኖራል ብሎ እንዳልገመተና ሌሎች ተራሮችንም እንደገና እንደሚያይ ጻፈልኝ። ቀጥሎ ሌላ መልእክት መጣ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ። ይህ የእግር መንገድ ከዋናው መንገድ ተነስቶ ዛፎች መሀል ይቆማል። የትም አይደርስም። ቀረጻው ተቋርጦብሽ ይሆን? የሚቀጥል ከሆነ እባክሽ ጨርሺው።»

ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። በመጨረሻ እንዲህ አልኩት፤ «አልተቋረጠም። የሚያበቃው እዚያ ነው። እዚያ የእናቴ በር ነበር።»

ላክሁት። ከዚያ እንባዬ መጣ። በለቅሶው ድንኳን ያልመጣ፣ ሬሳው ሲወጣ ያልመጣ፣ ባዶው ቦታ ላይ ቆሜ ያልመጣ እንባ፣ ግሪስ በሚሸት ክፍል ውስጥ፣ በፍሬን ሸራ ካርቶን መሀል፣ ተማሪ ፊት መጣ። ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። እማዬ አልኩ። ልጆቹ ደነገጡ፤ ጓደኛዬ በዓይኗ ወደ ውጭ መራቻቸው። እሷ ራሷ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ተይ አላለችኝም፣ በርቺም አላለችኝም። ጀርባዬ ላይ እጇን አድርጋ ቆየች።

ቀና ስል መልሱ መጥቶ ነበር። ያን ቀን አመሰግናለሁ ብሎ አልጀመረም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ። መንገዱን እንዳለ ልተወው?»

እሺ ብዬ ጻፍኩለት። ይህኛውን ጥያቄ ግን ደጋግሜ ካነበብኩት በኋላ ነው እሺ ያልኩት።